ራቢንድራናት ታጎርና የቤንጋል መከፈል

የሕንዱ ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር በ1861 (እ.ኤ.አ.) በካልካታ ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት መዋል ይጠላ ነበር፤ ዳሩ ግን በ1901 ልጆች ከዛፍ ጥላ ሥር የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በሻንቲኒኬታን ራሱ አቋቋመ።

በ1905 የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን የቤንጋልን ጠቅላይ ግዛት ለሁለት ከፈለ። ምክንያት ያደረገው የግዛቱን ስፋት ነበር፤ ብዙ ቤንጋሎች ግን አንድነታቸውን ለማዳከም የታሰበ መሆኑን ተረዱ። ክፍፍሉ በጸናበት በኦክቶበር 16 ቀን ታጎር ሕዝብ አስከትሎ በካልካታ መንገዶች ወጣ፤ ሂንዱና እስላም ሳይለይ ራኪ የሚባለውን የወንድማማችነት ክር በሰዎች እጅ ላይ አሰረ። በዚያው ዘመን የደረሰው አንድ መዝሙር በኋላ የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙር ሆኗል።

ሕዝቡም የእንግሊዝን ጨርቅ አልገዛም ብሎ በአገሩ ሥራ መጠቀም ጀመረ። ነገር ግን የባዕድ ጨርቅ በግድ ሲቃጠልና ርካሹን ጨርቅ የሚሸጠውና የሚለብሰው ድኻ ሲጎዳ ታጎር ድርጊቱን ነቅፎ ከትግሉ ራቀ።

ክፍፍሉ በ1911 ተሻረ። ታጎር በ1913 የኖቤልን ሽልማት አገኘ፤ በ1941 ዐረፈ።

እኛ ተማሪዎች ከሕይወቱ የምንማረው፣ ድኻውን ወንድም እየበደሉ አገርን እወዳለሁ ማለት ከንቱ መሆኑን ነው።