ዶክተር ዊሊያም ኮሊ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነቀርሳ ወይም ካንሰር የያዘው ሰው ተስፋው ሁሉ በቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ላይ ነበር። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ተገኝቶ ከሥሩ ተቆርጦ ከወጣ በሽተኛው ይድን ይሆናል፤ አለዚያ ግን ሐኪሙም ሆነ ቤተ ዘመዱ የሚጠብቁት የሞቱን ቀን ብቻ ነበር። የሰው አካል በራሱ ኃይል ነቀርሳን እንዲዋጋ ማድረግ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ዐርባ ዓመት ያህል የደከመው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ብራድሊ ኮሊ ሥራውን የጀመረው በዚያ ዘመን ነው።

ኮሊ በ1862 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ በዌስትፖርት ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1884 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት በመምህርነት አገለገለ። ከዚያም በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1888 ተመረቀ። ወደ ኒውዮርክ ከተማ ሄዶ የቀዶ ሕክምና ሥራ ሲጀምር ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር።

በ1890 ቤሲ ዳሺል የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ ቀኝ እጇን አሟት ወደ እርሱ ዘንድ መጣች። በባቡር ስትጓዝ እጇ በመቀመጫዎች መካከል ተቀርቅሮ ተጎድቶ ነበር። ጉዳቱ ሲታይ ቀላል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን እብጠቱ በመጉደል ፈንታ እየጨመረ፣ ሕመሙም እየጸና ሄደ። ኮሊ ደጋግሞ ከመረመራት በኋላ በሽታው ሳርኮማ የተባለው፣ በአጥንት፣ በጡንቻና በመሳሰሉት የአካል ክፍሎች ላይ የሚነሣው የነቀርሳ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ክንዷ ከክርኗ በታች ተቆረጠ። ይሁን እንጂ በሽታው በሰውነቷ ውስጥ ተሠራጭቶ ስለ ነበር ቤሲ በጥር ወር 1891 ሞተች። የቅርብ ወዳጇ የነበረው፣ የታዋቂው የነዳጅ ባለጸጋ ልጅ ጆን ሮክፌለር፣ በዚህ ሞት እጅግ አዘነ፤ ከዓመታትም በኋላ ለነቀርሳ ምርምር ብዙ ገንዘብ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ወጣቱ ሐኪም ግን ሐዘኑን በሌላ መንገድ ተወጣው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች በሳርኮማ የተያዙትን እንዴት እንዳከሟቸውና መጨረሻቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የኒውዮርክ ሆስፒታልን የዐሥራ አምስት ዓመት የበሽተኞች መዝገብ አስወጥቶ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። መዝገቡ የሚያሳዝን ነበር። አብዛኞቹ በሽተኞች ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ዕጢው ተመልሶ እያደገባቸው ሞተዋል። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ግን የአንድ ሰው ታሪክ ከሌሎቹ የተለየ ሆነበት። ፍሬድ ስታይን የተባለ ከጀርመን አገር የመጣ ስደተኛ በአንገቱ ላይ የበቀለው ሳርኮማ በተደጋጋሚ ቢቆረጥም እየተመለሰ ስላስቸገረ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። በዚህ መካከል ቁስሉ ኤሪሲፔላስ በተባለው፣ ቆዳን እንደ እሳት በሚያቀላና ብርቱ ትኩሳት በሚያስነሣ ተላላፊ በሽታ ተያዘ። ትኩሳቱ በመጣ ቁጥር ዕጢው እየሟሸሸ ሄደ፤ በመጨረሻም ፈጽሞ ጠፋ። ስታይን ከሆስፒታሉ በጤና ወጣ። መዝገቡ የሚናገረው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር።

ኮሊ በዚህ ብቻ አልረካም። ሰውየው ከሆስፒታል ከወጣ ሰባት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ዕጢው ተመልሶበት ሞቶ ከሆነ መዝገቡ ምንም ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ የታወቀ አድራሻ የሌለውን ስታይንን ለመፈለግ ድኾች ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በማንሃታን የታችኛው ምሥራቅ ክፍል ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ጠየቀ። በመጨረሻም አገኘው። ስታይን በሕይወት አለ፤ በአንገቱም ላይ ከቀዶ ሕክምናው ጠባሳ በቀር የነቀርሳ ምልክት አልነበረም።

ኮሊ ከዚህ በኋላ በልቡ የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር። በአጋጣሚ የመጣው በሽታ ይህን ያህል ከሠራ፣ ያንኑ በሽታ ሆነ ብሎ ቢያስይዙትስ? እርሱ አያውቅም ነበር እንጂ በጀርመን አገር ቡሽና ፌላይዘን የተባሉ ሐኪሞች ይህንኑ ነገር ቀደም ብለው ሞክረውት ነበር። የሕክምና ጽሑፎች ከአገር ወደ አገር በቀላሉ በማይደርሱበት በዚያ ዘመን አንዱ የደረሰበትን ሌላው እንደ አዲስ መጀመሩ የተለመደ ነበር።

በግንቦት ወር 1891 ዞላ የተባለ ኢጣሊያዊ በሽተኛ ለሙከራው ፈቃደኛ ሆነ። ዕጢው በአንገቱና በጉሮሮው ውስጥ አድጎ መዋጥና መናገር ከልክሎታል፤ የቀረው ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር። ኮሊ ስትሬፕቶኮክስ የተባሉትን የኤሪሲፔላስ ተሐዋስያን በመርፌ ደጋግሞ ወጋው። በበጋው ወራት ሙሉ መጠነኛ ለውጥ እንጂ ሌላ አልታየም። በጥቅምት ወር ግን ከጀርመን፣ ከዝነኛው ከሮበርት ኮክ ቤተ ሙከራ፣ ብርቱ የሆኑ ተሐዋስያን መጡለት። ዞላ በተወጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትኩሳቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ወጣ። ኤሪሲፔላሱ ሊገድለው ደርሶ ነበር። ነገር ግን በአንገቱ ላይ የነበረው ዕጢ ወዲያው መፍረስ ጀመረ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ጠፋ። ሊሞት ሳምንታት ቀርተውት የነበረው ሰው ስምንት ዓመት ኖረ።

ይህ መንገድ ግን ሁለት ስለት ያለው ነበር። ለኤሪሲፔላስ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሕያው ተሐዋስያንን በሰው አካል ውስጥ ማስገባት ነፍስን አሲዞ እንደ መጫወት ይቆጠር ነበር። ከዞላ በኋላ ከወጋቸው ሰዎች ሁለቱ ዕጢያቸው እየቀነሰ ሳለ በዚያው በተላላፊው በሽታ ሞቱ። ኮሊም የመጀመሪያዎቹን ዐሥር በሽተኞች ታሪክ በ1893 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ፤ ሕያዋኑን ተሐዋስያን ግን ተወ። በምትካቸው ስትሬፕቶኮክስንና ሌላ ዓይነት ባክቴሪያን በአንድነት አሳድጎ በሙቀት ከገደላቸው በኋላ የሚወጋ መድኃኒት አዘጋጀ። ይህ ድብልቅ የኮሊ መርዝ ተብሎ ተጠራ። በጥር ወር 1893 መጀመሪያ የተወጋው በሆዱ ውስጥ ትልቅ ዕጢ የነበረበት የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ኮሊ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ ትኩሳት እስኪነሣ ድረስ ለወራት ወጋው። ልጁ ድኖ 26 ዓመት ከኖረ በኋላ በልብ ሕመም ሞተ።

በዚያን ጊዜ ትኩሳቱ ዕጢውን ለምን እንደሚያጠፋ ማስረዳት የቻለ ሰው አልነበረም። ኮሊ ራሱም ምክንያቱ ከተሐዋስያኑ የሚወጣው መርዝ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን የሞቱትም ተሐዋስያን ቢሆኑ በሰውነት ውስጥ ሲገቡ የደም ነጭ ሕዋሳትን እንደ ጥሩምባ ይቀሰቅሳሉ። የተቀሰቀሱት ሕዋሳት ከጠላት ጋር ሲዋጉ ቀድሞ ሳያዩት ያለፉትን የነቀርሳ ሕዋስ ለይተው ሊያጠቁ ይችላሉ።

የኮሊ ዝና ቢስፋፋም ተቃውሞው ከዝናው ጋር አብሮ አደገ። ገና በ1894 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት መድኃኒቱ የማይረባ ነው ሲል ጠንካራ ነቀፌታ ጻፈበት። በ1895 ደግሞ ራጅ ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ራዲየም ተከተለ። ጨረር ዕጢን በጥቂት ቀናት ሲያሟሽሽ በዓይን የሚታይ ሲሆን፣ መጠኑም ሊለካ ይችላል፤ ማንም ሐኪም መሣሪያውን ገዝቶ ሊሠራበት ይችላል። የኮሊ ሕክምና በአንጻሩ ወራት የሚፈጅ፣ በሽተኛውን በትኩሳት የሚያሠቃይ፣ የሐኪሙን የማያቋርጥ ክትትል የሚሻ ነበር። ኮሊ በሚሠራበት በሜሞሪያል ሆስፒታል ታዋቂው የነቀርሳ ሊቅ ጄምስ ዩዊንግ እንኳ ለጨረር አድልቶ የኮሊን ሥራ ይቃወም ነበር።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በተቃዋሚዎቹ ላይ መጣል ከእውነት መራቅ ይሆናል። ኮሊ ታታሪ ሐኪም ነበር እንጂ ጠንቃቃ መዝጋቢ አልነበረም። መድኃኒቱ በዘመኑ ቢያንስ በ13 ልዩ ልዩ መንገድ ተዘጋጅቷል፤ አንዱ ብርቱ ሲሆን ሌላው ደካማ ነበር። አንዱን በሽተኛ ዕጢው ላይ፣ ሌላውን በጡንቻው፣ ሌላውን ደግሞ በደም ሥሩ ይወጋ ነበር። ብዙዎቹም ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ስለ ተጨመረላቸው ያዳናቸው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። የታከሙት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ምን ላይ እንዳሉ ሳይጻፍ የቀረበትም ጊዜ ብዙ ነው። ከ150 የማያንሱ ጽሑፎች ቢያሳትምም ሁሉም በየመጽሔቱ ተበታትነው ስለ ነበር አንድ አንባቢ በአንድነት አግኝቶ ሊመዝናቸው አልቻለም። ሌሎች ሐኪሞችም መድኃኒቱን ሲሞክሩ ኮሊ ያገኘውን ውጤት ባለማግኘታቸው ታሪኩን ተጠራጠሩት። የሚያስገርመው ነገር፣ ይህ ሰው ለግኝቱ የበቃው ሌሎች ሐኪሞች የጻፉትን የስታይንን መዝገብ በማንበብና መንገድ ለመንገድ ዞሮ ውጤቱን በማጣራት ነበር።

ኮሊ ከአንድ ሺህ በላይ በሽተኞችን በዚህ መድኃኒት ካከመ በኋላ በሚያዝያ ወር 1936 በ74 ዓመቱ ሞተ። መድኃኒቱም ከእርሱ ጋር የተቀበረ መሰለ።

ሥራውን ከመረሳት ያዳነችው ሴት ልጁ ሄለን ኮሊ ናውትስ ናት። ሄለን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራትም፤ ሕክምናም አልተማረችም። የአባቷን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ አስባ በኮነቲከት በነበረው በቤተሰቡ ቤት ውስጥ የተከማቹትን ደብዳቤዎችና ወረቀቶች ማገላበጥ ስትጀምር፣ በዓለም ዘንድ ከንቱ የተባለው ሕክምና ብዙ ሰዎችን እንዳዳነ ተረዳች። ለታላላቅ ሐኪሞች ብታስረዳ የሚሰማት አላገኘችም። እርሷም የሕክምናውን ቋንቋ በግሏ አጥንታ፣ አባቷ ያከማቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መፈለግ ያዘች። ለየሐኪሞቹና ለየሆስፒታሎቹ እየጻፈች እያንዳንዱ በሽተኛ ምን ዓይነት ነቀርሳ እንደ ነበረው፣ በየትኛው ዝግጅት፣ በየት ቦታና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተወጋ፣ ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት እንደ ኖረ አጠናቀረች። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ታሪክ በዚህ ዓይነት ተሰበሰበ። መዝገቡ ሲደራጅ፣ ብርቱ የሆነውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የተወጉት ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል እንደ ነበራቸው ታየ። በ1946 ሄለን ቀዶ ሐኪም ከነበረው ወንድሟና ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆና የመጀመሪያውን ጥናት በአንድ የነቀርሳ ምርምር መጽሔት አሳተመች።

በ1953 ሄለን፣ ከሮክፌለር ቤተሰብ በተገኘ 2,000 ዶላር፣ የነቀርሳ ምርምር ተቋም የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። ይሁን እንጂ በ1965 የአሜሪካ የነቀርሳ ማኅበር የኮሊን መርዝ ካልተመሰከረላቸው ሕክምናዎች ተራ መደበው፤ ከዚያ ዝርዝር የተፋቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነበር። በዚህ መካከል የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚመረምሩ ሊቃውንት እየበዙ ሄዱ። ሎይድ ኦልድ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው የቢሲጂ ክትባት በአይጦች ላይ የዕጢን እድገት እንደሚገታ አሳየ። ይህ በሕፃናት ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው፣ በኢትዮጵያም የታወቀው ክትባት ነው። በ1976 በካናዳ የፊኛ ነቀርሳ በያዛቸው ሰዎች ላይ መሥራቱ ታተመ፤ በ1990 ደግሞ በአሜሪካ ለዚሁ ሕክምና ተፈቀደ። በ2011 የመከላከያ ሕዋሳትን ልጓም የሚፈታ የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቀደ፤ ለዚህ መንገድ የጠረጉት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሄለን ይህን ሁሉ ሳታይ በ2001 በ93 ዓመቷ ሞተች። በዚያው ዓመት እርሷ ያቋቋመችው ተቋም በነቀርሳና በሰውነት መከላከያ ላይ ብቻ የሚያተኩር መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በ2013 የአሜሪካ የነቀርሳ ተመራማሪዎች ማኅበር ሥራውን ተረክቦ በአዲስ ስም ማሳተም ቀጠለ። አባቷ በየመጽሔቱ ሲበትነው የኖረው የጥናት ዘርፍም የራሱ መጽሔት ኖረው።