ደጃዝማች ባልቻ፣ ደብሩና የገባሩ ላብ

የዓድዋ ድል በተነሳ ቁጥር የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም አብሮ ይነሳል። በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ የሚባሉት እኚህ ሰው በመድፈኛነታቸው ተወድሰዋል፣ ተገጥሞላቸዋልም። በዲላና በጌዴኦ ምድር ግን ታሪካቸው ሌላም ገጽ አለው። የአካባቢው ገዥ ነበሩና።

ባልቻ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ከተሰለቡ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። በታማኝነታቸው እስከ በጅሮንድነት ደርሰው፣ በ1888 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን መድፍ ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሲዳሞ ተሰጣቸው። በመሀል ሐረርጌን ቢያስተዳድሩም ተመልሰው እስከ 1920 ዓ.ም. ሲዳሞን ገዙ። መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ነበረች።

በዚያ ዘመን ወታደር በሰፈረበት ሁሉ ደብር ይተከላል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ የተከፈለው ክብ ሕንፃ ይቆማል፤ መንበር፣ መጋረጃ፣ ከበሮ፣ ጽናጽል፣ መስቀልና ደወል ይሟላለታል። ካህናቱም የሚተዳደሩበት የሰሞን መሬት ይመደብላቸዋል። ለወታደሩ ደግሞ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠዋል። ቡናና እንሰት አብቃዩ ጌዴኦ ግብር ከመክፈል አልፎ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል። እንግዲህ ደብሩ ሲሠራና ንዋየ ቅድሳቱ ሲሟላ የገባሩ ጉልበትና ቡና ድርሻ እንደነበረው መዘንጋት አይገባም።

የባልቻ ሥልጣን ያበቃው በአንድ ግብዣ ነው። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሲጠሯቸው በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት አስከትለው ገቡና ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ ወታደሩ በገንዘብ ተሸንግሎ ተበተነ። ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሰፈር ነው። ሲዳሞ ለብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ባልቻ ቤተ ክርስቲያን ተማጥነው በኋላ እጃቸውን ሰጡ፤ ታስረውም ወደ ገዳም ገቡ። ጣሊያን ሲመጣ ግን እርጅና ሳያግዳቸው ጠመንጃ አንስተው በ1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ወደቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል አለ።

የገባር ሥርዓት ከጣሊያን መባረር በኋላ በሕግ ቢቀርም ጭሰኝነቱ ቀጠለ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶች ላይ ተነስተው ሚጪሌ ላይ ብዙዎች አለቁ። መሬት ከባለርስትም ከቤተ ክርስቲያንም እጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው።

ጀግናውን ለማክበር ገዥውን መደበቅ፣ ወይም ገዥውን ለመውቀስ ጀግናውን መካድ አያስፈልግም። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርሶች እንዲመዘገቡ ያዛል። የደብሮቻችን ንዋየ ቅድሳት ሲመዘገቡ የለጋሹ መኳንንት ስም ብቻ መስፈሩ በቂ አይደለም። ያ ሀብት ከማን ጓሮ እንደተለቀመ፣ ድንጋዩንና እንጨቱን ማን እንደተሸከመ ከጌዴኦ ሽማግሌዎች ተጠይቆ አብሮ ይጻፍ። ለባልቻም፣ ለገባሩም፣ ለደብሩም ፍትሕ የሚሆነው ይኼ ነው።