አባቷ ቆርጠው ያስቀመጡት ጋዜጣ

በብዙ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ «ሞንቴሶሪ» የሚል ቃል ተጽፎ እናያለን። ልጆቻችንን ልናስመዘግብ ስንሄድ የማስተማሪያ ዘዴ ስም ብቻ ይመስለናል። ስሙ ግን የአንዲት ሴት የቤተሰብ ስም ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው። በዚህ እትም የእሷንና የወላጆቿን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያሳደግናቸው ልጆች እኛ ባላሰብነው ሙያ ሲገቡ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ በየቤታችን ስላለ ነው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1870 በጣሊያን አገር ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ አንድዬ ልጅ ነበረች። አባቷ አሌሳንድሮ በወጣትነታቸው ወታደር፣ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። እናቷ ሬኒልዴ ለዘመኑ ሴት ብዙ የተማሩና መጽሐፍ የሚወዱ ነበሩ። ልጅቱ ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቡ ወደ ሮም ተዛወረ።

ወላጆቿ አስተማሪ እንድትሆን ይመኙ ነበር፤ ያኔ ለሴት ልጅ የተከፈተው በር እሱ ነበርና። ማሪያ አሻፈረኝ አለች። መጀመሪያ ወንዶች ወደሚበዙበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ መሐንዲስ ልሁን አለች፤ ቀጥላ ደግሞ ሐኪም። ይህን ጊዜ አባቷ ተቃወሙ። እናቷ ግን ከልጃቸው ጎን ቆሙ። ማሪያ በሮም ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተምራ ወደ ሕክምናው ክፍል ገባች።

በትምህርት ቤቱ የጠበቃት ቀላል አልነበረም። ሴት ከወንዶች ጋር ሆና የሞተ ሰው አካል ማየቷ ነውር ስለተባለ፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ትማር ነበር። ሽታውን ለመቋቋም ትንባሆ ታጨስ እንደነበር ይነገራል። ትምህርቷን ወደ መጨረስ ስትቃረብ በተማሪዎችና በመምህራን ፊት ቆማ ንግግር ማድረግ ነበረባት። አባቷ በወዳጅ ጉትጎታ ሄደው ሰሟት። ሲያልቅ ሰዉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸው ጀመር። ልባቸው የተመለሰው ያኔ ነው ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1896 በሐኪምነት ተመረቀች፤ በጣሊያን ከመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት በበርሊን በተደረገው የሴቶች ጉባኤ ሴትና ወንድ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲያገኙ ተናገረች። ጋዜጦች ስለ እሷ ይጽፉ ጀመር። ያ የተቃወሙት አባት እያንዳንዱን ጽሑፍ እየቆረጡ በደብተር ይለጥፉ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሞላት ቀን ሁለት መቶ ያህል ጽሑፎች የያዘውን ደብተር ሰጧት።

ይሁንና በሕይወቷ ጋዜጣ ያልጻፈው ነገርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ሳታገባ ማሪዮ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ቢታወቅ ሥራዋንም ክብሯንም ታጣ ስለነበር፣ ልጁ በገጠር በሰው እጅ አደገ። አባቷ የእሷን እርምጃ ሁሉ ሲከታተሉ፣ እሷ የራሷን ልጅ የምታየው አልፎ አልፎ ነበር።

ከዚያ ማሪያ ሙያዋን እንደገና ቀየረች። የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ስታክም፣ ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት እንደሚያስፈልጋቸው ተረድታ ነበርና እንደ አዲስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 በሮም ድሃ ሰፈር በሳን ሎሬንዞ የሕፃናት ቤት ከፈተች። እናትና አባታቸው ለሥራ ሲወጡ ብቻቸውን ይቀሩ የነበሩ ሃምሳ ያህል ሕፃናት ገቡበት። ስሟን ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። ልጅ ሳለች እምቢ ያለችውን አስተማሪነት፣ በ36 ዓመቷ በራሷ መንገድ ያዘችው።

እናቷ እ.ኤ.አ. በ1912፣ አባቷ በ1915 አረፉ፤ ሁለቱም የልጃቸውን ፍሬ አይተዋል። ማሪዮም ወደ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከእናቱ ጋር መኖር ጀመረ፤ በኋላም የሥራዋ ዋና አጋር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 በኔዘርላንድስ በ81 ዓመቷ ስታርፍ ሥራዋን የቀጠለው እሱ ነው።

እኛ ከዚህ ታሪክ ሁለቱንም ወላጆች እንወስዳለን። እንደ ሬኒልዴ ከመጀመሪያው ቀን ከልጃችን ጎን መቆም ከቻልን እሰየው። እንደ አሌሳንድሮ ተቃውመን ከነበረም፣ ሄዶ ለመስማት አልረፈደም። አባትየው ስህተታቸውን ያረሙት በመቀስና በሙጫ ነው። እኛም ልጃችን አዲስ ሥራ ስትጀምር የመጀመሪያ መታወቂያዋን ፎቶ እናስቀምጥ፤ የሠራችውን እንይላት፤ ደስታችንንም በአፋችን እንንገራት። ለማኅበራችን ድጋፍ የምታደርጉ ወዳጆቻችንም፣ በድሃ ሰፈር የተከፈተች አንዲት የሕፃናት ቤት የት እንደደረሰች አስታውሱልን።