የእንዶዱ ሊቅ እና ያልተጠየቁት እናቶች

በቢቸና እና በሞጣ አካባቢ እንዶድ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ አውጥቶ ነጠላውንና ጋቢውን ያነጣል። ይህን የሀገር ሳሙና ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተወለዱት አክሊሉ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም የቢልሃርዚያን በሽታ ሊያጠኑ ዐድዋ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። የበሽታው ተውሳክ ያለ ቀንድ አውጣ ማደግ አይችልምና የነገሩ ክብደት ወዲያው ገባቸው።

በዐድዋ ለ5 ዓመት በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። የፍሬው ናሙናም ባሕር ተሻገረ፤ ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ቆይቶ አክሊሉ በአሜሪካ ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባበሩ። እንዶድ የሐይቆችን የውኃ ቱቦ የሚደፍን የዛጎል ዝርያ እንደሚገድልም ታወቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተመዘገበው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ግን የዩኒቨርሲቲው ሆነ። የእንዶድን ጥቅም ከትውልድ ትውልድ ያሻገሩትን እናቶች ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

የሰው አካል ናሙናም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። አክሊሉ በተማሩበት ተቋም ስም በሚጠራው ሆስፒታል በ1951 ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች ታማሚ የተወሰዱ ሴሎች፣ እርሷም ቤተሰቧም ሳያውቁ ለዓለም ቤተ ሙከራዎች ተሠራጭተዋል።

አክሊሉ በ1997 አረፉ። 9 ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አወጣች። በአዋጁ መሠረት የዕፅዋትን ናሙና ለምርምር ለመውሰድ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመጠቀም ደግሞ የማኅበረሰቡ የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይተካም። ከናሙናው በገንዘብ ከሚገኘው የመንግሥት ድርሻም ግማሹ የማኅበረሰቡ ነው። ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር በልማድ ዘር መለዋወጡን አዋጁ አይነካም።

ስለዚህ ዛሬ የጤፍ ዘር ወይም የመድኃኒት ቅጠል የሚጠይቅ እንግዳ ወደ ቀዬው ሲመጣ፣ ገበሬው ናሙናው ለምን እንደሚውል፣ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደፈቀደ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ እንግዳን መግፋት አይደለም፤ የዐድዋ እናቶች ያላገኙት መብት ነው።