አበበ ቢቂላ ከሩጫው በኋላ
በጎጃምም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል ዘወትር የሚነሳው የሻምበል አበበ ቢቂላ ሩጫ ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር በእረኝነት ያደገው አበበ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ድሉን በቶኪዮ ደገመው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ እጆቹ ጭምር አልታዘዝ አሉት። በእንግሊዝ ሀገር ሲታከም እጆቹ ዳኑ፣ እግሮቹ ግን እንደዛሉ ቀሩ። እርሱም በ1962 ዓ.ም. በዚያው ሀገር ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ። በዓመቱም በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። እግሩ ቢከዳውም ከውድድር ሜዳ አልራቀም ነበር።