ሉዊ ብሬል፦ ከ6 ነጥቦች እስከ ሕግ ድንጋጌ

እ.ኤ.አ በ1809 በፈረንሳይ ኩፕቭሬ መንደር የተወለደው ሉዊ ብሬል በ3 ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሌላኛው ተዛምቶ ብርሃኑን አጣ።

በፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲማር ገና በ15 ዓመቱ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ባለ 6 ነጥብ ጽሕፈት ፈለሰፈ። በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ቢሆንም፣ ጽሕፈቱ በይፋ ተቀባይነት ያገኘው እርሱ እ.ኤ.አ በ1852 ካረፈ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰየመላት ሜክሲኮ ባቀረበችው ሐሳብ መነሻነት የተዘጋጀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ1999 ዓ.ም ጸደቀ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላዋለች። በስምምነቱ አንቀጽ 24 መሠረት ዓይነ ስውር ተማሪ ብሬል እንዲማርና ብሬል የሚያውቅ መምህር እንዲመደብለት ማድረግ የመንግሥት ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።