ታላቁ እስክንድርና የወይን ጽዋ

አንባቢ ሆይ፥ የመቄዶንያን ንጉሥ የታላቁን እስክንድርን ስም ያልሰማህ አይመስለኝም። በግዕዝ በቆየልን በዜና እስክንድር እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጹሕ ንጉሥ ሆኖ ተጽፎአል፤ ያ መጽሐፍ ግን ለትምህርት የተጻፈ እንጂ የዘመኑን ነገር ለመመርመር የተጻፈ አይደለም። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች፥ ይልቁንም ፕሉታርክና አርያኖስ፥ የተዉልን እስክንድር ሌላ ሰው ነው። የዚህን ሰው ነገር በአጭሩ እነግርሃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ መሆናቸውን አትርሳ።

እስክንድር በ356 ዓመት በፔላ ከተማ ከንጉሥ ፊልጶስና ከንግሥት ኦሎምፒያስ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ፥ ማንም ሊገራው ያልቻለውን ቡኬፋሎስ የሚባለውን ፈረስ አይቶ፥ የሚያስደነግጠው የገዛ ጥላው እንደ ሆነ አስተዋለ፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው፥ ቀስ ብሎም ደባበሰው፥ ድንጋጤው ባለፈ ጊዜ ዘሎ ተቀመጠበት። በ13 ዓመቱ ፈላስፋው አሪስጣጣሊስ መምህር ሆነለት። በኋላም በ333 ዓመት የፋርስን ንጉሥ ዳርዮስን ድል በነሣ ጊዜ፥ የተማረኩትን የዳርዮስን እናትና ሚስቱን ልጆቹንም በክብር አስጠበቃቸው። ይህን መናገሬ ሰውዬው ትዕግሥትን ከቶ የማያውቅ አረመኔ እንዳይመስልህ ነው።

ነገር ግን በአባቱ ቤት የመጠጥ ልማድ ብርቱ ነበረ። ግሪኮች ወይናቸውን በውኃ ይበርዙ ነበረ፤ መቄዶንያውያን ግን ሳይበርዙ ይጠጣሉ እየተባሉ ይታሙ ነበረ። በ337 ዓመት ፊልጶስ ሌላ ሚስት ባገባ ጊዜ፥ የሙሽራይቱ አጎት አጣሎስ በሰርጉ ግብር ላይ ሰክሮ፥ መንግሥቱ ከሕጋዊ ጋብቻ ወራሽ ያገኝ ዘንድ መቄዶንያውያን አማልክትን እንዲለምኑ ተናገረ። እስክንድር ዲቃላ ተብሎ እንደ ተሰደበ ቈጥሮ ጽዋውን ወረወረበት። ፊልጶስም ሰይፉን መዝዞ በገዛ ልጁ ላይ ተነሣ፤ ሆኖም ቍጣውና ስካሩ እግሩን አሰናከሉትና በወለሉ ላይ ተዘረረ። ልጁም በወደቀው አባቱ ላይ አፌዘበት፥ እናቱንም ይዞ ከአገር ወጣ። አስተውል፤ በዚያ ሌሊት ንጉሡን ከልጅ ገዳይነት ያዳነው ልቡና አይደለም፥ መውደቁ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።

በ336 ዓመት ፊልጶስ ተገደለና እስክንድር በ20 ዓመቱ ነገሠ። በ334 ዓመት ወደ እስያ ተሻግሮ በግራኒቆስ ወንዝ አጠገብ ከፋርስ ሹማምንት ጋራ ተዋጋ። ከሁሉ ቀድሞ ውኃውን ጥሶ ከጠላት መካከል ስለ ገባ፥ አንድ የፋርስ መኰንን ከኋላው ሰይፉን አንሥቶ ራሱን ሊመታው ሲል፥ ክሊጦስ የሚባል የፈረሰኞች አለቃ የመኰንኑን ክንድ ቈርጦ ጣለለት። ይህ ክሊጦስ በዕድሜ የበለጠው የአባቱ ወታደር ሲሆን፥ እኅቱ ላኒቄ እስክንድርን በሕፃንነቱ ያሳደገች ሞግዚት ነበረች።

እንግዲህ በጦር ሜዳ ሳያመነታ የሚወረወር ሰው ድል ያደርጋል፥ ይመሰገናልም። የእስክንድር ክብር ከዚህ ፍጥነት የመጣ እንደ ሆነ አልክድም። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ግን ያን ፍጥነት ከግብር አዳራሹ ደጅ ትቶት አይገባም ነበረ። ጸሐፊዎቹ በማዕድ ረጅም ሰዓት የሚቀመጠው ወይኑን ወድዶ ሳይሆን ጨዋታውን ወድዶ ነው ብለው ይከራከሩለታል፤ ይህ ምክንያት እስከ ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ ይሰማል፥ አንተም ሳትሰማው አልቀረህም። በ330 ዓመት የፋርስ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ፐርሴፖሊስ ተቃጠለ። አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች በግብር መካከል በስካር የተደረገ ነው ይላሉ፥ አርያኖስ ግን ታስቦበት የተደረገ የበቀል ሥራ ነው ይላል፤ ስለዚህ ይህን በወይኑ ላይ አልጭንም።

በ328 ዓመት በማራቃንዳ፥ ዛሬ ሰማርቃንድ በምትባለው ከተማ፥ የሆነው ግን የሚያከራክር አይደለም። እስክንድር ክሊጦስን በባክትርያ ላይ ሊሾመው ቈርጦ ነበረ። በግብሩ ላይ ብዙ ከተጠጣ በኋላ፥ ጥቂት ቀደም ብሎ በጠላት የተሸነፉትን የመቄዶንያ አለቆች የሚዘልፍ ዘፈን ተዘፈነ። ሽማግሌዎቹ ተቈጡ። ክሊጦስም፥ እርሱ ራሱ ሰክሮ ነበረ፥ ተነሥቶ ንጉሡ በመቄዶንያውያን ደም ከብሮ ዛሬ አባቱን ፊልጶስን እንደ ካደ፥ በግራኒቆስም ያዳነው የርሱ እጅ እንደ ሆነ በፊቱ ተናገረ። እስክንድር አስቀድሞ ከማዕዱ ፖም አንሥቶ ወረወረበት፤ ቀጥሎ ጩቤውን ፈለገ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ግን ነገሩን አይቶ ጩቤውን አሽሽቶት ነበረ። ንጉሡ መለከት ነፊውን የጦር ጥሪ እንዲነፋ አዘዘው፤ ነፊው እንቢ ስላለ በቡጢ መታው። ወዳጆቹም ክሊጦስን ገፍተው ወደ ውጭ አወጡት።

እስከዚህ ድረስ ማንም አልሞተም። ሦስት ጊዜ ሌሎች ሰዎች ለንጉሡ ልጓም ሆኑለት። ክሊጦስ ግን በሌላ በር ተመልሶ ገባና ስድቡን ቀጠለ፤ እስክንድርም ከአንድ ዘበኛ እጅ ጦር ነጥቆ ወጋው። ክሊጦስ እንደ ወደቀ የንጉሡ ስካር በረደ። ጦሩን ነቅሎ ራሱን ሊወጋ ሲል ጠባቂዎቹ እጁን ያዙት።

ዛሬ አንጎልን የሚመረምሩ ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፥ ከግንባራችን በስተ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል እጃችን ከመሰንዘሩ በፊት ቆም እንድንል ያደርገናል። አልኮል ይህን ክፍል ያደክመዋል፤ ሐሳብም በፊቱ ባለው ነገር ላይ ብቻ ይተከላል፥ ነገ የሚከተለውን አያይም። በጠባዩ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ አብዝቶ ለመጠጣት ያዘነብላል፥ የጠጣውም መጠጥ ችኰላውን ያብስበታል። በማራቃንዳ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ማዕድ ሰክረው ተገናኙ።

እስክንድር ሦስት ቀን ሳይበላና ሳይጠጣ ተኝቶ አለቀሰ። የላኒቄ ልጆች ስለ እርሱ በጦርነት እንደ ሞቱ፥ እርሱም ውለታዋን ወንድሟን በመግደል እንደ መለሰላት እያሰበ ስሟን ይጠራ ነበረ። ያ እንቢ ያለው መለከት ነፊ ሰፈሩን ሁሉ ከሁከት ስላዳነ በኋላ ተመሰገነ። ይሁን እንጂ አናክሳርኮስ የሚባል ፈላስፋ መጥቶ፥ ንጉሥ ያደረገው ሁሉ በማድረጉ ብቻ ትክክል እንደሚሆን በመናገር አጽናናው። እኔ ከጦሩ ይልቅ ይህ ማጽናኛ የከፋ ይመስለኛል፤ ከልቅሶው በኋላ ጽዋው አልቀነሰምና።

በ324 ዓመት በፋርስ አገር ቃላኖስ የሚባል የህንድ ጠቢብ በሞተ ጊዜ እስክንድር የመጠጥ ውድድር አደረገ። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው ፕሮማኮስ የሚባል ሰው 13 ሊትር ያህል ወይን ጠጥቶ አሸነፈ፥ የአንድ መክሊትም ሽልማት ተቀበለ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከተወዳዳሪዎቹም ሌሎች 41 ሰዎች ሞቱ።

በሚከተለው ዓመት፥ በ323፥ እስክንድር በባቢሎን ሜድዮስ በሚባል ወዳጁ ቤት ሌሊቱን ሲጠጣ ቈየ፤ ከዚያ በኋላ ትኵሳት ያዘው። ወባ ነው፥ ተስቦ ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ወይኑ ብቻውን ገደለው ማለት አይቻልም። ሕመሙ በጸና ጊዜ ወታደሮቹ በአልጋው አጠገብ በተራ አለፉ። መናገር ተስኖት ስለ ነበረ ራሱን ጥቂት ቀና እያደረገ እያንዳንዱን በዓይኑ ተሰናበተው። ዕድሜው 32 ዓመት ነበረ፤ ወራሹ ገና በእናቱ ማኅፀን ነበረ።